የሰማንያ ኪሎ ሞላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሁለት ጎማ ለጠፍኩ፣ አንድ የፍሬን ገመድ ቀየርኩ። የመንጋጋ ጥርሴ ዛሬም ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። አስነቅዬው ባረፍኩ…

ከሰዓት በኋላ ፌንጣ የተራራ ሳይክሉን እየገፋ ሱቅ መጣ። አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ በልጅነቱ ያወጣንለት ስም ግን አለቀቀውም። ታናሽ ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ ሳይክል ሳይነካ ነው የከረመው። ገና ሳየው ደስ አለኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ፎርኬላ እጄን ጨረሰው። አየሩን አውጪና ሞላ አስገቢልኝ።»

«ትንሽ ላስተንፍሰው?»

«ሞክሬዋለሁ። ሳስተነፍሰው ዘጭ ይላል፣ ስነፋው ይደርቃል።»

እውነቱን ነው። የፊት ጎማውን የያዘው ፎርኬላ ውስጥ የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው አየር ነው። አየር መጀመሪያ ላይ ይግደረደራል፤ ትንንሹን ጠጠር ሁሉ ለእጅ ነው የሚያቀብለው። ሞላ ገና ሲነኩት እሺ ባይ ነው። ችግሩ፣ አየር ለወፍራምም ለቀጭንም ይነፋል፤ ሞላ ግን በሰውየው ክብደት ተመርጦ ነው የሚገዛው። አንዴ ከገባ ለዚያ ሰው ብቻ ነው።

«ስንት ኪሎ ነህ?»

«ሰማንያ።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

አዘዝኩ። ምሳ ሳቀርብለት ቤት በልቼ ነው የመጣሁት አለኝ። ሚስቱ ደህና አድርጋ ታበላዋለች ማለት ነው። እኔና እሷማ፣ እሱ ከሳይክል ወድቆ ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ አንነጋገርም። «ባሌን በሳይክልሽ ልትገድይው ነው» ያለችኝን… ይሁን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሞላው መጣ። ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳየው ዋልኩ። አዲስ መጫወቻ እንዳገኘ ልጅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ፎርኬላውን ፈታሁ። አየሩን ለቀቅኩት፣ ፍስስ ብሎ አለቀ። የታችኛውን እግር በላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርጌ ስስበው ጥቁር ዘይት ባልዲው ውስጥ ተዘረገፈ። የአየሩን ዘንግ አወጣሁ፣ ሞላውን ግራሶ ቀብቼ በቦታው ከተትኩ፣ አዲስ ዘይት ጨምሬ ዘጋሁ። በእጄ ስጫነው ልስልስ አለ። ማንም አያየኝም ብዬ፣ ጥሩ ሥራ ነው አልኩና ራሴን አሞገስኩ።

ፌንጣ ወፍራም ጃኬቱን እንደለበሰ ወጣበት። የፎርኬላው ቱቦ ላይ አንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች፤ ሰው ተቀምጦ ሲወርድ ፎርኬላው ምን ያህል እንደሰመጠ እሷን አይቶ ነው የሚለካው። ሞላው ለሰውየው ልክ ከሆነ የሁለት ጣት ስፋት መሄድ አለባት። አንድ ጣት ብቻ ሄደች።

«ደህና ነው» አለ።

ደህና አይደለም። የማይሰምጥ ሞላ ከእንጨት በምን ይሻላል? የሆነ ቦታ ይዞብኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

እንደገና ፈታሁት። ዘይት የሚይዙት ፓራኦሊዮዎች አጥብቀው ይሆናል ብዬ በአዲስ ቀየርኩ። ፌንጣን ጠርቼ አስቀመጥኩት። አንድ ጣት። ይሄን ሁሉ ዘመን ስሠራ ኖሬ አንድ ሞላ ያሹፍብኝ?

የሱቁን ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ ሰማሁት። ክረምቱን ሙሉ ተጋድሞ ነዋ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ለሦስተኛ ጊዜ ፈታሁ። ያው ነው። ፋብሪካው የተሳሳተ ቁጥር ለጥፎበታል እንግዲህ። ስድብ የተቀላቀለበት መልእክት ላክሁላቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

የጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ሳይክሉን ሊወስድ መጣ። ስንት ኪሎ ነህ አልኩት። «ሰማንያ። የዱቄቱ ሚዛን ላይ ስወጣ ነው የምውለው» ብሎ ሳቀ። እስቲ እዚህ ላይ ውጣ አልኩት። ወጣ፣ ወረደ።

ሁለት ጣት። ልክ ሁለት ጣት።

ሞላው ደህና ነው። እጄም ደህና ነው። ታዲያ…

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ዳቦ ጋጋሪው። ጥርሴ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ፌንጣን ጠርቼ ጃኬትህን አውልቅ አልኩት። ይበርደኛል አለ። አውልቅ አልኩህ። ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ… ክንዱን ስይዘው እጄ ዞሮ ገጠመ። ጎትቼ ዳቦ ቤት ወሰድኩትና የዱቄቱ ሚዛን ላይ አቆምኩት።

ስልሳ አንድ።

ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን አዙሮ የተጠረገ ምድጃ መጥረግ ጀመረ።

በስንት ጥያቄ ተናገረ፤ ምግብ አልወርድ ካለው ቆይቷል። ሲውጥ ደረቱ ላይ ይቆማል። ለእኔ «ቤት በላሁ»፣ ለሚስቱ «እትዬ ጋ በላሁ»። ሁለታችን አንነጋገር፣ ማን ማንን ይጠይቅ? በኛ ኩርፊያ ውስጥ ተደብቆ ሰውነቱ አለቀ። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ፎርኬላ ፈታሁ። ሰውየውን ቀና ብዬ ሳላይ!

«ለምን ሰማንያ አልከኝ?»

«ሞላው ከገባ ወደ ሰማንያ የምመለስ መስሎኝ።»

አርብ፣ ጥቅምት 22

ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ መጥረጊያ እንደያዘች ከፈተች። «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። አንቱ ሆኛለሁ።

«እኔ ጋ አይበላም» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሱሪውን ወገቡ ላይ በመርፌ እያጠበብኩ የምሰጠው እኔ ነኝ» አለች። «ሳይክል ልጀምር ስለሆነ መቅለል አለብኝ አለኝ። እኔም አመንኩት።»

ብዙ ተቀመጥን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ምርመራ። ወንበር። ሌላ ምርመራ። ሌላ ወንበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ካንሰር ነው። ምግብ የሚወርድበት ቱቦ ላይ፣ ጉበቱም ጋ ደርሷል። ቀዶ ጥገና አይሆንም። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ግን ጨረስኩለት፣ በሆዴ። ሌሊቱንም ቀኑንም እጨርስለታለሁ።

ፌንጣ «ሳይክል መንዳት እችላለሁ?» አለው።

ሐኪሙ እኔን አየኝ።

አርብ፣ ኅዳር 6

ለስልሳ ኪሎ የሚሆነውን ሞላ አዘዝኩ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጥርሴን ተነቀልኩ። ምንም አልተሰማኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሞላው መጥቶ ገጠምኩት። ፌንጣ ተቀመጠ። ቀለበቷ ሁለት ጣት አልሞላችም። ሞላው መንገድ ላይ እያለ ሰውየው ደግሞ ቀነሰ።

«አየሩን መልሼ ልግጠምልህ» አልኩት። «እያስተነፈስን እናስተካክለዋለን።» የምለውን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያስተነፈስኩ ከወንድሜ ጋር ቁልቁል መውረድ… እስከ የት?

«ተይው እትዬ። ይሄ ጥሩ ነው።»

ሳይክሉ ላይ ወጥቶ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ነዳ። ሲመለስ እየገፋ ነው። እጄን ምንም አላለኝም አለ፣ ደስ ብሎት። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እኔ መፍቻ የጠፋኝ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ከአልጋ አልተነሳም። ቤቱ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወደ እኔ ዞሮ፦

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ሴት ልጅ ይሄ ይጠየቃል?»

«የምሬን ነው። ሳይክሉ ያንቺ ይሁን፣ ሞላውም በአንቺ ኪሎ።»

«እኔ መጠገን እንጂ ተራራ መንዳት የት አውቃለሁ?»

«ቆሞ ዝገት ከሚበላው ትማሪያለሽ።»

ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ እያጠለለች ነበር። ዓይኔን አይታ ማጥለያውን አስቀመጠች።

አርብ፣ ኅዳር 20

ኪሎዬን አልነገርኩትም። ብነግረው እሺ፣ ሂድ ማለት አይደል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ዛሬም ጠየቀኝ። ድምፁ እየሳሳ ነው፣ ጠጋ ካላሉ አይሰማም። እሱ እያለ ካልተገጠመ ማን ሊለካልኝ ነው? ይሄን ሳስብ ነው የተሸነፍኩት።

«ሰባ ሁለት» አልኩት።

«ቀንሰሽ እንዳይሆን። ፎርኬላው ያጋልጥሻል።»

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

ዳቦ ቤት ሄጄ ተመዘንኩ። ሰባ አራት ነኝ። በሰባ አራት አዘዝኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ሞላው መጣ። ሳይክሉን እሱ ክፍል ውስጥ አስገብተን፣ አልጋውና ቁም ሳጥኑ መሃል፣ እዚያው ገጠምኩት። ዘይት ምንጣፉ ላይ ጠብ ሲል ሚስቱ ምንም አላለችም። ድሮ ቢሆን ሰማይና ምድር ይደባለቅ ነበር። ፌንጣ ትራስ ተደግፎ አንድ በአንድ ያየኛል። ብሎኑን ሳጠብቅ «በቃ» አለ። በዝቶ ነበር፣ እውነቱን ነው።

«ውጪበት» አለኝ።

ሚስቱ ኮርቻውን በሁለት እጇ ያዘች። «ቀስ በይ እትዬ፣ ይዤሻለሁ» አለችኝ። ወጣሁ። ፎርኬላው ከሥሬ ሰመጠ፣ ያለ ምንም ድምፅ። በቀስታ ወረድኩ።

ራሴ እለካለሁ አለ። ከአልጋው አውርደን ምንጣፉ ላይ ስናስቀምጠው እንደ ባዶ ኮት ነው የቀለለን። ጣቶቹን ቱቦው ላይ አስጠግቶ ለካ። አንድ፣ ሁለት… ቀለበቷ ጋ አልደረሰም። ሦስተኛውን ጨመረ። ያኔ ደረሰ።

ግራ ገባው። «ሞላው ለስልሶብሻል» ሊል አፉን ከፈተ መሰለኝ። ከዚያ እጁን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አየው። የቀጠኑ ጣቶቹን ዘርጋ፣ እጥፍ አደረጋቸው።

«በአንቺ ጣት ለኪው» አለኝ።

የእኔን ጣቶች አስቀመጥኩ። ሁለት።

«ልክ ነው» አለ። «ሂጂ እንግዲህ።»

ነገ ሱቅ አልከፍትም። አቀበቱን ገፍቼ እወጣለሁ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርዱት ቅድም ነግሮኛል፤ ፍሬኑን አትጨብጪ፣ ነካ ነካ አድርጊው፣ የፊት ጎማሽን ሳይሆን ሩቁን እዪ። ሦስት ጊዜ ነው የደገመልኝ። መጨረሻው ላይ ድምፁ አልወጣ ሲል ሚስቱ እየተቀበለች ጨረሰችልኝ።