ለቴፕ ብለን የፈታነው ጋቢና

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት

ነዳጅ ከግማሽ በታች። ኪ.ሜ. አየሁ። ጎማ አየሁ። ዘይት አየሁ። ወንድሜ ትናንት ማታ ቁልፉን ሲሰጠኝ አንድም ነገር የለባትም ብሏል። አንድም ነገር የለባትም የሚባለው መቼ ነው? የሆነ ነገር ሲኖር።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ለማያውቅ ግን ልጻፈው። ፒክአፗ የሁለታችን ነች፣ የእኔና የታናሽ ወንድሜ የደረጀ። አባታችን ሲሞት የደረሰንን አዋጥተን ነው የገዛናት። አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት እሱ እንሠራባታለን። የኮንዶሚኒየም ዕቃ፣ ሲሚንቶ፣ የሠርግ ወንበር፣ የመጣውን ሁሉ እንጭናለን። እሁድ ማታ ቁልፍ እንቀባበላለን። (ከዚህ በኋላ ደ. ብዬ ነው የምጽፈው። ሙሉ ስሙን በየቀኑ መጻፍ ደከመኝ።)

አሁን ደ. ትልቅ ቴፕ ላስገባላት አለ። በሮቹ ተቆርጠው ስፒከር ይገባባቸዋል። ከወንበሩ ኋላ የቤዝ ሳጥን ይቀመጣል። ለሳጥኑ ሲባል ወንበሩ ወደፊት ይመጣል። ወጪው ሁሉ በእኔ ይሁን አለ። እሺ አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ሰው የጋራ ዕቃ ላይ እንዲህ የሚያወጣው ምን ሲያስብ ነው? ለብቻው ሊያደርጋት ሲያስብ!

ደግሞ ለምን በእኔ ሳምንት? ጋራዡ ቦታ ያገኘው ዛሬ ስለሆነ ነው ይላል። እሱ በዚህ ሳምንት የሰው ሚኒባስ በተተኪነት ይነዳል። እኔ ሥራ ፈትቼ መኪና እጠብቃለሁ።

ማታ

መካኒሳ ጋራዥ ዋልኩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሀብቴ ይባላል። ሲናገር አንድ ቃል፣ ሲሠራ ፉጨት። ጋሼ፣ ይሂዱ ይረፉ፣ ሲያልቅ እደውላለሁ አለኝ። ይረፉ! መኪናውን ጋራዥ ትቶ የሄደ ሰው ኦርጅናል ዕቃውን ሸኝቶ እንደሚመለስ ላፍቶ ላይ ሕፃን ያውቃል። የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩና እስኪዘጋ አልተነሳሁም። ወገቤ አለቀ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አስቴርን ቀይ ጥፍር ቀለምሽን ስጪኝ አልኳት። ሚስት ናት፤ ለማን ነው አለች። ለመኪናዋ አልኩ። ካየችኝ አስተያየት አላመነችም።

ሀብቴ ምሳ ሲወጣ ሠራሁት። ባትሪው ላይ አንድ ጠብታ። ዲናሞው ላይ፣ ሞተሪኖው ላይ፣ ትርፍ ጎማው ቸርኬ ላይ። ከወንበሩ ኋላ እጄን ሰድጄ ክሪኩንም በዳበሳ ነካ አደረግኩት። ማንም አላየኝም። አሁን ይቀይር እስቲ! አንድ ዕቃ ቢቀይር ምልክቴ ስለማይኖር ወዲያው እይዘዋለሁ።

ቀለሙ ግን ሽታው እጄ ላይ ቀረ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ጣቶቼን አየችና ፊቷን አዞረች።

ዛሬ ደህና እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበኝ በኋላ እገለብጠዋለሁ።

ሀብቴ የግራውን በር ሽፋን ፈታ። ጠጋ ብዬ አየሁ። የመስታወቱ ማሽን ላይ ቢጫ ነጥብ። መቆለፊያው ላይ ሌላ ቢጫ ነጥብ። ወደ ቀኙ በር ዞርኩ፤ እዚያም አለ። እኔ የቀባሁት ቀይ ነው። ቢጫ ከየት መጣ?

ገባኝ መሰለኝ። የሚቀይራቸውን ዕቃዎች ቀድሞ ምልክት እያደረገባቸው ነው አልኩ። ጮህኩበት። ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ መጣ። ጋራዡ በሙሉ ተሰበሰበ። ሌባ የሚለውን ቃል ተናግሬ ይሆናል። ተናግሬዋለሁ።

ሀብቴ አልጮኸም። ነጥቡን በአውራ ጣቱ ፈተገና ጣቱን አሳየኝ። አቧራና ግሪስ ብቻ። ቢጫው ከሥር ነው፤ አቧራው ከላይ። ይሄ የቆየ ነው ጋሼ፣ የባለቤት ምልክት ነው አለ። ከዚያ ፉጨቱን ቀጠለ።

የባለቤት። ባለቤቷ ሁለት ነን። አንዱ እኔ ነኝ።

ማታ

እራት አልበላሁም። አስቴር ምን ሆንክ ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ።

ደ. ነው። ምልክት ያደረገው እሱ ነው፣ የቆየ ጊዜ ሆኖታል። ከማን ሊጠብቃት? ይህችን መኪና ከሁለታችን በቀር ማንም አይነዳትም። እኔ ዕቃ ፈትቼ እንዳልሸጥበት ነው! ትምህርት ቤት ስንሄድ ወንዙ ሲሞላ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሻገርኩት ልጅ ነው። አንገቴን አንቆ ይዞ ጋሼ እንዳትጥለኝ ይለኝ ነበር። አልጣልኩትም እኮ።

አመመኝ። እንደ ሰው ነው የምጽፈው፤ ልቤን አመመኝ።

የእኔ ቀይ ሌላ ነገር ነው። እኔ የጠረጠርኩት ጋራዡን ነው። አይመሳሰልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደ. ደወለ። ስለ ቢጫው ምንም አላልኩትም። ጋሼ ደህና ዋልክ፣ ቴፑ እንዴት ሆነ ይላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ እየሄደ ነው እላለሁ። እንደዚህ ተከባብረን አውርተን አናውቅም። ማታ ከሥራ ሲወጣ ብቅ ብሎ እንደሚያያት ነገረኝ።

ጋቢናዋ ተራቁታለች። ወንበሩ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። ሀብቴ የወንበሩን ሐዲድ ቆርጦ ወደፊት እየበየደ ነው። ከኋላ ያለው ዕቃ ሁሉ መሬት ላይ ነው፤ ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ ጠፋ ብዬ የተጣላሁበት የዝናብ ካፖርቴ። (ካፖርቱን ደ. ወሰደው ብዬ ነበር። ከወንበሩ ሥር ወድቆ ኖሯል። እሺ።)

አመሻሽ ላይ የአስቴርን ትንሽ ሱቅ ለመዝጋት ወደ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ለአስቴር ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ድሮም የምትለውን አለች። ሽጡና ተካፈሉ፣ ሳትጣሉ በፊት። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው አለችኝ።

እሁድ ማታ ደ. ቁልፍ ሊቀበለኝ ሲመጣ እነግረዋለሁ። እንሽጣት እለዋለሁ። ከዚያ እሱ በመንገዱ፣ እኔ በመንገዴ። መኪናዋ ከሌለች በየሳምንቱ የምንገናኝበት ምክንያት ምን እንደሚሆን አላውቅም። ምናልባት ለቅሶ ላይ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ጋራዡ ዝግ ነው። ሰፈሩ ቆሻሻውን አውጥቶ እያቃጠለ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ጎረቤቱ አሮጌ ጫማ ሳይቀር እሳት ውስጥ ጨምሯል።

ቤ/ክ ሄድኩ። ቆምኩ እንጂ አልጸለይኩም። ወንበር የሌላት፣ በሯ የተራቆተ መኪናዬ ሰው በሌለበት ግቢ ቆማለች። ደ. ሐሙስ ማታ እኔ በሌለሁበት እዚያ ነበር። ምን ሠራ? ሀብቴስ ከእሱ ጋር ምን ተባባለ?

ከቤ/ክ እንደወጣሁ ታክሲ ይዤ መካኒሳ ወረድኩ። የጋራዡ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ቀዳዳ አለው። በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፍኜ አጎነበስኩና አየሁ። ቆማለች። ጎማዎቿ አሉ። ደስ አለኝ።

ቀና ስል ከአጥሩ ሌላኛው ጥግ አንድ ሌላ ነጠላ የለበሰ ሰው አጎንብሶ በሌላ ቀዳዳ ያያል።

ደረጀ።

እንኳን አደረሰህ ተባባልን። በዚህ ሳልፍ ነው አለኝ። እኔም በዚህ ሳልፍ ነው አልኩት። እሱ የሚኖረው ጀሞ ነው፣ እኔ ላፍቶ፤ ያ ቅያስ ለሁለታችንም መንገድ አይደለም። አብረን ወደ ታክሲው ሄድን። የታክሲውን እሱ ከፈለ። እንዳትከፍል ብዬ ተሟገትኩ።

ምን ሊያይ መጣ? እኔስ የመጣሁት ምን ለማየት ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ። አለበለዚያ ነገ ለራሴ እንደሚመቸኝ አድርጌ አስታውሰዋለሁ።

ጠዋት ሀብቴ ለሁለታችንም ደወለ። ኑ፣ ሁለታችሁም ካልመጣችሁ በሮቹን አልዘጋም አለ። ስደርስ ደ. ቀድሞኛል። ስፒከሮቹ ገብተዋል። ሳጥኑም ወንበሩም ቦታቸውን ይዘዋል። የበሮቹ ሽፋን ብቻ መሬት ላይ ነው።

ሀብቴ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ረቡዕ ታላቅየው በቢጫው ሌባ አልከኝ አለ። ሐሙስ ማታ ደግሞ ታናሽየው በቀዩ ሌባ አልከኝ። ወደ ደ. ዞርኩ። ደ. ወደ እኔ ዞረ። ሀብቴ ቀጠለ።

«እኔ የቀባሁት የለም። ቀለሙ የእናንተ ነው፣ መኪናዋም የእናንተ ነች። ተነጋገሩና ስትጨርሱ ጥሩኝ፤ እዘጋለሁ።»

ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ጋቢና ውስጥ ገባን። ወንበሩ ወደፊት መጥቷል፤ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ነካ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ሽፋን በሌለው በር መሐል። በእኔ በኩል ቢጫ ነጥብ፣ በእሱም በኩል ቢጫ ነጥብ።

ቀዩ የእኔ ነው አልኩ። ሀብቴን ስለማላውቀው ነው፣ ለጋራዡ ብዬ ነው።

ቢጫው የእኔ ነው አለ። ያኔ ፍሪሲዮን ስናሠራ መኪናዋ ሌላ ጋራዥ አድራ አልነበር? ለዚያ ብዬ ነው ጋሼ፣ ለጋራዡ።

አለቀ ማለት ነው። ሁለታችንም ተነፈስን። ትከሻዬን መታ አደረገ። እኔም በሆዴ ይቅር አልኩት። ለጋራዥ መጠርጠር ነውር የለውም። ዕቃውን እንመልስ ብሎ ወረደ። የዝናብ ካፖርቴን አቀበለኝ። ቀጥሎ ክሪኩን አነሳና እጁ ላይ አገላበጠው። ቆመ።

«ጋሼ፣ ክሪኩስ? ክሪክ ማን ጋራዥ ይሰርቃል?»

ቀይ ጠብታዬ ነበረበት። በዳበሳ ስለቀባሁት ሰፍቶ ፈሷል። እውነቱን ላንተ ልንገርህ ደብተሬ፤ ክሪኩን የቀባሁት ሀብቴን አስቤ አልነበረም። ባለፈው ወር ደ. ክሪክ ተበደረኝ ብሎ ስለ አንድ ጓደኛው አውርቶኝ ነበር። እጄን ከወንበሩ ኋላ ስሰድ የማስበው እሱን ነበር። እጄን ዘረጋሁና ክሪኩን ተቀበልኩት።

ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ግሪሱ ውስጥ፣ ቢጫ ነጥብ አለ።

አሳየሁት። ፊቱ ቀላ፤ ልጅ ሆኖ ሲዋሽ እንደሚቀላው። ሁለታችንም ክሪኩን ይዘን ቆምን። ሰው ከሩቅ ቢያየን ክሪክ የምንገዛ እንመስላለን።

ሀብቴ ሻዩን ጨርሶ መጣ። ተነጋገራችሁ? አለ።

ዝጋው አለ ደ.

ሀብቴን ይቅርታ ጠየቅኩት። ደ.ም ጠየቀው። እሺ ብሎ ፉጨቱን ጀመረ። ከዚያ ቴፑ ተከፈተ። ድምፁ በጆሮ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ በጀርባዬ ገባ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። የማልወደው ዓይነት ዘፈን ነው። ዝጋው አላልኩትም። ጩኸቱ ባይኖር ማውራት ግድ ይሆንብን ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 14፣ ማታ

አስቴር ከጠዋት ጀምሮ ዛሬ ትነግረዋለህ አይደል እያለች ነው። እነግረዋለሁ አልኳት። ቀኑን ሙሉ አረፍተ ነገሩን አዘጋጀሁ። በቂም እንዳይመስል፣ በለሆሳስ።

ደ. መጣ። እራት በላ። አስቴር ሁለት ጊዜ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አልተናገርኩም። የባከነብህን ሳምንት እኔ እተካለሁ፣ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ውሰድ አለኝ። አይሆንም፣ ተራው ያንተ ነው አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ከልቤ መሆኑ ገረመኝ።

በር ድረስ ሸኘሁት። ቁልፉን ሰጠሁት። ቴፑን ለማሳየት ሞተሩን አስነሳ። ዛሬ ነዳጁን አላየሁም ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር።

ውሸት ነው። አንገቴን በመስኮት አስግጌ አየሁ። ያው ከግማሽ በታች ነው። ቀና ስል እሱም ዓይኑን ከነዳጁ ላይ እያነሳ ነው።

ያኔ ሳቅን። ትናንት ጋራዥ ያልሳቅነውን ጨምረን ሳቅን። እሱ መሪው ላይ ተደፋ። እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ። አስቴር በነጠላ ጫማ ወጥታ ምን ሆናችሁ፣ ሰፈር ይሰማል አለች።

ሲሄድ የቴፑ ድምፅ ከአስፋልቱ ማዶ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት።

ነገርከው? አለችኝ ስገባ።

አንሸጥም አልኩ።

እጇን ዘርግታ ጥፍር ቀለሟን ጠየቀችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።