ለመደርደሪያዎ የሚሆን የለኝም

ሐረር፣ ጥር 1960 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጋሼ ኪዳነወልድ፣

ከእርስዎም ከቤትዎም ጤና እንዳይጓደል እመኛለሁ። እኔ አለሁ። ትናንት ባለቤትዎ ትዕግሥት ቤቴ ድረስ መጥታ መልእክትዎን ነግራኛለች። የስዊዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ የውጭው ማርማላታ መምጣቱን አቁሟል፤ የሱቅዎ መደርደሪያም ባዶ ሆኗል፤ ስለዚህ የእኔን የዘይቱን ማርማላታ ያለኝን ያህል እንዳመጣልዎ ብለዋል። መልሱ አጭር ነው። አጭሩን ብቻ ብልክ ግን ኩርፊያ ይመስልዎታልና ከሥሩ ልጻፈው።

ባሌ ከሞተ በኋላ ባዶ እጄን እንደቀረሁ ያውቃሉ። የድሬ ጠያራዋ ገበሬ ዘቢባ በኤረር በር ይዛ የምትገባው ዘይቱን፣ ፈረንጆቹ ጓቫ የሚሉት ፍሬ፣ ገዢ አጥቶ ሲበሰብስ አይቼ፣ ከእርሷ እየገዛሁ ከስኳር ጋር መቀቀል ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ የቀመሱት እርስዎ ነዎት። ጣትዎን ልሰው «ይሄማ የውጭውን የቆርቆሮ ያስንቃል» አሉኝ። ከሻይ ቅጠሉ ጎን፣ ገዢ ዓይን ሥር ደረደሩልኝ። የአስተማሪዎቹ ሚስቶች ገዝተው፣ ወደውት ደግመው መጡ። ዘቢባም «አልሐምዱሊላህ፣ ዛፎቼ ሰው አገኙ» ብላ ሌላ ችግኝ ጨመረች።

ከዚያ ጅምላ አከፋፋዩ አቶ ለገሠ ከድሬዳዋ መጣ። ስኳሩም፣ ክብሪቱም፣ የቆርቆሮ ማርማላታውም የሚመጣልዎ ከእሱ ነው፤ ያውም በዱቤ። አልተቆጣም። ብልቃጦቼን እያየ፣ ያ ቦታ የእሱ ዕቃ ቦታ መሆኑን፣ ስኳር ሲጠፋም ወዳጆቹን እንደሚያስቀድም ብቻ ነገረዎት። በማግሥቱ ማርማላታዬ ከላምባው በርሜል አጠገብ፣ መሬት ወረደ። እዚያ ማን ያየዋል? የጨርቅ ክዳኑ ላምባ ጠጥቶ፣ የገዛውም ሸተተኝ ብሎ መለሰው። እርስዎም «በለጡ፣ ሰው የሚገዛው የሚያውቀውን ነው» አሉኝ። ያላየውን እንዴት አድርጎ ይወቀው ብዬ ስጠይቅዎ ወደ ሚዛንዎ ዞሩ።

በዚህ አልተቀየምኩም። ስኳር የሌለው ሱቅ ሱቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የልጅዎ የአበበ ክርስትና ዕለት የሆነው ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

አቶ ለገሠ ከክብር እንግዶቹ መካከል ተቀምጦ ዳቦውን በእኔ ማርማላታ በላ። ወደደውና ደገመ። ከዚያ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀዎት። እኔ ትሪ ይዤ አጠገብዎ ቆሜያለሁ። ቀና ብለው አዩኝ።

«የራስዎ ነው እንጂ» አሉት። «ከቆርቆሮው የገለበጥነው።»

እሱም ወደ ጎረቤቱ ዞሮ የውጭ ነገር እኮ ያስታውቃል አለው። ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም።

ከዚያ ወዲያ በጀጎልም ከግንቡ ውጪም ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። ይቀምሳሉ፣ እጅሽ ይባረክ ይላሉ፣ ከዚያ ስለ ስኳሩ ያነሡብኛል። ሁሉም ስኳር የሚያገኙት ከዚያው ሰው ነው። ዘቢባ ዘይቱኑ ከዛፉ ሥር ረግፎ ሲበሰብስ እያየች ታገሠችኝ፤ ምነው እንኳ አላለችኝም። ኋላ ስትጠፋብኝ ድሬ ጠያራ ድረስ ብሄድ፣ ዛፎቹ ተቆርጠው ማሳው ጫት ሆኗል። ዓይኔን ማየት ያፈረችው እሷ ነበረች።

«ጫት መደርደሪያ አይለምንም፣ በለጡ» አለችኝ። «ነጋዴው ራሱ ማሳዬ ድረስ ይመጣል። ወላሂ፣ ልቆርጣቸው ስል እጄ እንቢ ብሎኝ ልጄ ነው የቆረጠልኝ።»

እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው፦ የለም። ብልቃጡም፣ ዘይቱኑም የለም። ዛሬ ቢተከል እንኳ ለፍሬ ሳይደርስ መርከቡ ሌላ መንገድ ያገኛል፤ ቆርቆሮውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያን ጊዜ የእኔ ዕቃ የት እንደሚወርድ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ አሁን የሆስፒታል አንሶላ እየሰፋሁ እኖራለሁ። አባታችን ሲሞት ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ አልክድም። ቢታመሙ ወይም ክፉ ቢያገኝዎ ይላኩብኝ፣ የያዝኩትን ጥዬ እመጣለሁ። ለሱቅዎ ግን ሁለተኛ ሰው አይላኩብኝ።

እህትዎ
በለጡ ወልደ ጊዮርጊስ