እሁድ እሁድ ከብሪን ግሩግ የሚወርዱት በጎች

የእናቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ሳልህስ እንዴት ነው? ያ የሊቨርፑል ጢስ አሁንም ጉሮሮህን ይከረክርሃል ወይስ ተላመድከው? እኛ አለን። የእማማ እግር እንደዛው ነው፤ ደረጃ መውጣት ስላቃታት አልጋዋን ታች ሳሎን አውርጄላታለሁ። ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ሬዲዮው ላይ ትጮኻለች፤ ስለዚህ ደህና ናት ማለት ነው። የላክህላት ሻርፕ ደርሷል። «ለምን ራሱ አያመጣውም?» እያለች ጠዋት ማታ ለብሳው ትውላለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? በጎቻችን ከኮረብታው እየወረዱ ነው።

አትሳቅ። በግ ይወጣል ይወርዳል ትለኝ ይሆናል። እንደዛ አይደለም። ብሪን ግሩግ ላይ አጥር እንደሌለን ታውቃለህ፤ እናቲቱ ያደገችበትን ቦታ አትለቅም፣ ግልገሏም ከእሷ እያየ ይማራል፤ ኮረብታው ከአያታችን ዘመን ጀምሮ የኛ ግጦሽ ሆኖ የኖረው በዚህ ነው። በረዶ ቢጥል፣ ነፋስ ቢገለብጣቸው፣ አስታው ቁጥቋጦ ሥር ተኮራምተው ያድራሉ እንጂ አይወርዱም ነበር። ዘንድሮ ግን ሰኞ ጠዋት በወጣሁ ቁጥር አናቱ ባዶ ነው። ግማሾቹ ረግረጉን ተሻግረው ሃፎድ እርሻ ጥግ፣ ግማሾቹ መኪና መንገድ ዳር። ጀርባቸው ላይ የቀባነው ቀይ ቀለም ከሩቅ ሲታየኝ ደሜ ይፈላል። መልሼ አወጣቸዋለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው ነው። ደጋግመው ያባረሩት በግ ቦታውን ይረሳል፤ አንዴ ከረሳ ደግሞ ማን ያስተምረዋል? የዘንድሮዎቹ ግልገሎችማ ገና አልለመዱትም።

የባለርስቱ ወኪል መከር ሲገባ ይመጣል። ኮረብታው ላይ በግ ካላየ «አልተጠቀማችሁበትም» ብሎ ለደን ተካዮቹ ይሰጠዋል፣ እነሱም ከላይ እስከ ታች ጥድ ይደረድሩበታል። ታች ባለችው ማሳ ብቻ እንደማንኖር አንተም አትክደኝም። ቤቱም አብሮ መሄዱ ነው። እማማን የት ላድርጋት? ፋሲካ ላይ መጥተህ «ፈርመን መሬቱን ለባለርስቱ እንመልስና እንገላገል፣ አንቺም ወጣትነትሽን እዚህ ጭቃ ውስጥ አትጨርሺ» ስትለኝ እምቢ ያልኩህ ለዚህ ነው። ያለ ሁለታችን ፊርማ አይሆንም፤ እኔ ደግሞ አልፈረምኩም። ተኮራርፈን ነው የተለያየነው፤ እሱን እንኳ ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሃፎዱን ኤምሪስን ነው። ታዲያ ማንን ልጠርጥር? ድንበርተኛችን እሱ፣ ከአባባ ጋር ስለ ውሃው ቦይ እስከ ዕለተ ሞቱ የተኳረፈው እሱ። (አንቱ ማለት እንደተውኩ አውቃለሁ፤ ስናደድ አንቱታ ከአፌ አይወጣም።) ነገሩን ስከታተለው በጎቹ የሚወርዱት እሁድ እሁድ ሆኖ አገኘሁት። ቅዳሜ አሉ፣ ሰኞ የሉም። እሁድ ደግሞ እኛ ሜቶዲስቶቹ ሁላችን ጸሎት ቤት ነን። እሱ ግን ባፕቲስት ነው! የእነሱ ሰባኪ ቶሎ እንደሚለቃቸው አገር ያውቃል፤ የኛው ሆዳችን እስኪጮህ ነው የሚይዘን። እኛ ገና መዝሙር ስንጀምር ሰውየው ኮረብታችን ላይ የልቡን ሠርቶ ምሳው ላይ ይቀመጣል ብዬ አሰብኩ።

ፖስተኛው ኢቮር ደግሞ ቤንዚን ጨመረበት። «ኤምሪስን እሁድ ዕለት ዱላውን ይዞ በጎችሽ መሃል አየሁት፤ አንቺ ያኔ ለነፍሱ እየጸለይሽለት ነበር» ብሎኝ እየሳቀ ብስክሌቱን ገፋ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። መንገድ ላይ ባርኔጣውን ሲያነሳልኝ «አሁን ይሄ ምን ሠርቶ ነው?» እላለሁ። የወለደች በግ ብትሞትብኝ እሱ ነው፤ በሩ ቢንኳኳ እሱ ነው። እማማ «ልጄ፣ ሰው መጠርጠር ሆድ ያሳምማል» ብትለኝም አልሰማኋትም።

በዚህ መሃል የጸጉር ሸለታው ቀን ደረሰ። እንደ ወጉ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ኤምሪስም መቀሱን ይዞ ቀድሞ ተገኘ። ነገ እኛ እነሱ ዘንድ፣ ዛሬ እነሱ እኛ ዘንድ፤ የሥራው ክፍያ እንደምታውቀው ምግብ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሻይና የዘቢብ ዳቦ ይዤ ስዞር እሱ ጋ ስደርስ አለፍኩት። አዎ፣ አለፍኩት! ሰው ሁሉ አየ። መቀሶቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። እሱ ጉልበቱ መሃል የያዛትን የኛን በግ ሸልቶ ጨረሰ፣ ሌላ አመጣ፣ እሷንም ጨረሰ። እስከ መጨረሻው ሠርቶ፣ አፉ ውሃ ሳይነካ ሄደ። እማማ ስትሰማ «በዚህ ቤት ሸላች ሻይ ተከልክሎ አያውቅም! ምን ሰይጣን ነው የገባብሽ?» ብላ ሻርፑን ወረወረችብኝ።

እኔ ግን ልቤ አልተመለሰም። እጅ ከፍንጅ ልይዘው ቆርጬ ባለፈው እሁድ ጸሎት ቤቱን ተውኩና ውሻችንን ካርሎን ይዤ ወጣሁ። ጉሙ እንደዛ ሲወፍር ታውቀዋለህ፤ የራስህ ጫማ አይታይህም። ረግረጉን በጎን በጎን ይዤ አናቱ ላይ ስደርስ የድንጋዩ ክምር ሥር ተቀመጥኩ። በጎቹ በዙሪያዬ ሲግጡ ይሰማኛል። ደስ የሚል ድምፅ ነው፤ ናፍቄው ኖሯል።

ከዚያ ፉጨት ሰማሁ።

እያንዳንዱ እረኛ የራሱ ፉጨት አለው፤ ውሾቹ እንዳይምታቱ አንዱ የሌላውን አይነካም። የኤምሪስን አውቀዋለሁ፤ አጭርና ደረቅ ነው፣ ሰው እንደተቆጣ ዓይነት። ይሄ የሱ አልነበረም። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይታጠፋል። ካርሎ ከጎኔ ተፈናጥሮ ተነሳ። ብጠራው አልሰማኝም፤ እያለቀሰ፣ በደስታ እያለቀሰ ጉሙ ውስጥ ገባ። እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት ስመለስ እግሩ በጭቃ ተለውሶ በር ላይ ሲያለከልክ የማገኘው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የኤምሪስ ውሻ ነው ስል በጎቼን ሲያወርድ የከረመው የገዛ ውሻዬ ነው።

ካርሎ የሁለት ሰው ፉጨት ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱ የኔ ነው።

በጎቹ አጠገቤ ሽር እያሉ ቁልቁል ማለፍ ሲጀምሩ ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከትቼ በኃይል አፏጨሁ። በጎቹ ቆሙ። እየተንደረደርኩ ስወርድ ካርሎ መሃል መንገድ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ወደ ታች ያያል፣ ወደ እኔ ያያል፣ ወዴትም አይሄድም። እንደዛ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ አሳዘነኝ። ያኛው ፉጨት ተመልሶ አልተሰማም። ማን እንደሆነ አላየሁም። ጉም ነበር ብዬሃለሁ፤ ስለዚህ ለአንተም ማን እንደሆነ ልነግርህ አልችልም።

ሃፎድ እርሻ ጥግ ስደርስ ኤምሪስን አገኘኋቸው። አዎ፣ አንቱታውን መልሼላቸዋለሁ። የእሁድ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቀድመው የወረዱትን በጎቻችንን በዱላቸው ሽቅብ እየመለሱ ነበር። ኢቮር ያያቸው ይሄን ሲሠሩ ነው። የሚችሉትን ያህል ይመልሳሉ፣ ያቃታቸውን እኔ ሰኞ አገኛለሁ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ እኔ በሰው ቤተሰብ ጉዳይ አልገባም። ከአባትሽ ጋር የተጣላሁት በውሃ ነው፤ ይሄ ደግሞ ውሃ አይደለም» አሉኝ። ማን እንደሆነ አይተው እንደሆን ብጠይቃቸው ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው «ዓይኔ ደክሟል» አሉ። ደሞ እኮ ቀለማችንን ከማዶ ይለያሉ! «ሻዩን ግን ዛሬ ብትሰጪኝ አልጠላም» አሉና ሳቁ። እኔ ግን አልቅሼ ነው ቤት ያስገባኋቸው።

ተናድጃለሁ፣ ወንድሜ። አንድ ጎልማሳ ሰው የሚፈልገውን በአፉ መናገር አቅቶት በግና ውሻ ላይ ሲያሴር መክረሙ አናደደኝ። ከንዴቱ ይልቅ ግን ሐዘኑ ይበልጥብኛል። ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ስለምትሠራ እሁድ ተኝተህ እንደምትውል ጽፈህልኝ ነበር፤ እግዜር የሰላም እንቅልፍ ይስጥህ።

ለእማማ ምንም ላልነግራት ቆርጬ ነበር። ኤምሪስ ሻያቸውን ጠጥተው ሲወጡ ግን እሷው ጀመረችው። ከአልጋዋ ትይዩ ያለው መስኮት ኮረብታውን ያሳያል፤ እሁድ እኔ ስወጣ እሷ ብቻዋን ናት። «ዛሬ በጉሙ ምክንያት አላየሁትም» አለችኝ። «ማንን?» አልኳት። ሻርፑን እያስተካከለች «ያለፈው ሳምንት ግን ከስቶ ነው ያየሁት። እሁድ እሁድ የኋላውን በር አትቆልፊ፣ ሾርባም ምድጃው ላይ ተዪ» አለችኝ። ስም አልጠራችም፣ እኔም አልጠራሁም።

ስለዚህ የፊታችን እሁድም ጸሎት ቤት አልሄድም። የኋላው በር ክፍት ይሆናል፤ ሾርባም አለ። ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ካርሎን ከመጥራቱ በፊት ይግባና እማማን ዓይን ዓይኗን እያየ «ከዚህ ቤት ውጪ» ይበላት። እሱን ማለት ከቻለ እኔም እዚያው ጠረጴዛ ላይ እፈርማለሁ።

በተረፈ እግዚአብሔር ደረትህን ይፈውስልህ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ ሐሳብ ይጠብቅህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ኤምሪስ ሰላም ብለውሃል። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ወፍራም ካፖርት ይልበስ በልልኝ፤ እሁድ ጠዋት ብሪን ግሩግ አናቱ ላይ ይበርዳል፣ እማማ ደግሞ ሳሉን ትሰማዋለች።

ሁሌም የምትወድህ፣
እህትህ