ከመስታወቱ ሥር ያለችው ዘንግ

ለእትዬ ሠርከአዲስ፣ ከሮቤ እስከ አሶሳ ያለውን መንገድ ሁሉ አቋርጦ ናፍቆቴ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽስ? ባለፈው በስልክ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ስትዪኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። ሙቀት ለጉልበት ይሻላል ይላሉና ምናልባት አገሩ ራሱ ያክምሽ ይሆናል። የጋሽ ገብረ ሥላሴ የደም ግፊትስ ወረደላቸው? ጨው ቀነሱ ወይስ አሁንም ካንቺ ደብቀው ይነሰንሳሉ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ግን ስለ አካሌ ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ድምፁን ለቀሽው ነው የምታወሪው፣ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይሄን ደግሞ አንቺ ብቻ እንድትሰሚው ፈለግሁ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የአሶሳ ልጅ ለእረፍት ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ክረምቱ ጥሩ ይዟል። ወደ ጎባ ስትወጪ ግራና ቀኙ ገብስ ነው፣ ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ ሰው ይጠግባል። ልጄ ልደት ሬጅስትራር ቢሮ ሥራዋን እንደያዘች ናት። እናቷ ካረፈች አምስተኛ ዓመቷን ባለፈው ወር በጸሎት አሰብን፣ ነፍሷን ይማርልን።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስጠግን ኖሬአለሁ። የኛ ምድጃ ቀላል ነው። ሸክላው ላይ ቦይ አለ፣ ጠመዝማዛው ሽቦ በቦዩ ይተኛል፣ ድስቱ ከላይ ይቀመጣል። ሽቦው ለድስቱ በቀረበ ቁጥር ቶሎ ያፈላል። ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈዋለሁ። ያቺ አጠማዘዝ የኔ ብቻ ናት። ሮቤ ውስጥ ምድጃ የከፈተ ሰው ሁሉ ሲያያት ይሄ የተክሌ እጅ ነው ይላል። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመስታወት ምድጃ የሚሉት መጣ። መጀመሪያ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ሴቶች ይዘውት መጡ፣ በኋላ ሱቁም አመጣው። ላዩ እንደ ጠረጴዛ የተላሰ ጥቁር መስታወት ነው። ሽቦው አይታይም፣ ሲበራ ከሥር ይቀላል። እኔ አንዱን አየሁና የሰነፍ ሰው ምድጃ ነው ብዬ ተውኩት። ያልተወው ጉሉማ ነው።

ጉሉማን አታውቂውም። የጎሮ ሰው ነው፣ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ቀድሞ የወፍጮ ቤት ሞተር ይጠግን ነበር። አራት ዓመት እኔ ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ጠረጴዛ ይዞ ሠራ፣ ዳቦ ተካፍለን በላን፣ ሽቦ መቀጠልንም የኔን እጅ አይቶ ተማረ። የተቃጠሉ የመስታወት ምድጃዎችን ለቅሞ እያመጣ ይፈታቸዋል፣ የሚያየውን ደብተር ላይ ይስላል። እኔ መጠገን ትተህ ሥዕል ጀመርክ ወይ እያልኩ አሾፍበት ነበር። ታዲያ አምና ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ፣ የራሱን ከፈተ። በሰማያዊ ቀለም የመስታወት ምድጃ ሐኪም ብሎ ጻፈ። እትዬ፣ ያቺ ሰማያዊ ጽሑፍ እንደ ስንጥር ዓይኔ ውስጥ ገባች።

ሰው ሁሉ ወደ ማዶ ይሻገራል። ባጃጅ ሲቆም ቀና እላለሁ፣ ምድጃ ታቅፎ የወረደው ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሄዳል። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፣ አፌ ከመጽሐፉ ጋር ነው፣ ዓይኔ ግን ከጉሉማ ደጅ። አንድ ቀን እዚያው ደጅ ልደትን አየኋት። የቤታችንን ምድጃ፣ ራሷ የገዛችውን፣ ይዛ ቆማለች። ማታ ስጠይቃት፦ "አባዬ እንዳትደክም ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። ራቴን በላሁ። 

እልህ ያዘኝና አንድ የተሰበረ ገዝቼ ፈታሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያሰበው ሰው ይባረክ። ከሥር የቆርቆሮ ሳህን አለ። ሳህኑ ላይ ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቆ እንደ ኖራ ደርቋል፣ ክብደት የለውም፣ ግን ከላዩ እሳት ሲነድ ከሥሩ እጅሽን ብታደርጊ አያቃጥልሽም። ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይባክን ነው። ሽቦው እዚያ ላይ ይተኛል፣ መስታወቱን ግን አይነካም፣ አንድ ጣት ያህል ይርቀዋል። ዙሪያውን ከዚያው ነጭ ነገር የተሠራ ቀለበት መስታወቱን ደግፎ ይይዛል። ሽቦው ሲቀላ ሙቀቱ እንደ ፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ድስቱን ያገኘዋል። ከሽቦው በላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ተጋድማለች። ለምን እንደሆነች አልገባኝም ነበር። ማዶ ሄጄ ጉሉማን ብጠይቅ በደስታ ያስረዳኝ ነበር። መንገዱ አሥር እርምጃ አይሞላም፣ አልሄድኩም።

በሰኔ ጉሉማ ለቅሶ ደርሶበት ጎሮ ሄደ። በሄደ በማግሥቱ ዙሀይራ እኔ ዘንድ መጣች። ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ቁርስ ቤት ያላት ናት፣ አፏ እንደ ምላጭ ነው፣ እጇ ግን ሩኅሩኅ ነው፣ ተማሪ ሳይከፍል ቢወጣ ያላየች ትመስላለች። የምድጃዋን ሽቦ ጉሉማ ነበር የቀየረላት። "ጋሽ ተክሌ፣ ይሄ ነገር ይበራል ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል። ፉሌ እስኪበስል ተማሪው ተመርቆ ይወጣል" አለችኝ። ስከፍተው የጉሉማ ሥራ ዓይን ይስባል፣ ሽቦው እኩል ተዘርግቷል፣ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ያን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ የተማረ ሰው ሥራ ነውና። እኔ ግን ዛሬ አሳየዋለሁ አልኩ። የምታበራ የምታጠፋው ያቺ ዘንግ እንደሆነች ሞክሬ ደረስኩበት፣ ተበላሽታ መሰለኝ። አወጣኋትና ሁለቱን ሽቦዎች በራሴ አጠማዘዝ አገናኘኋቸው። ደግሞ ሽቦው ከድስቱ ራቀ ብዬ ከሥሩ ሸክላ ጭቃ ጠቅጥቄ ወደ መስታወቱ አስጠጋሁት። ልክ እንደኛ ምድጃ ማለት ነው።

ሳበራው ፍም መሰለ፣ አንዴም አልጠፋም። ዙሀይራ "ባረከላህ፣ ለካ የቆየ ሰው ሌላ ነው" ብላ ይዛው ሄደች። ያን ቀን ሱቄን ስዘጋ ወደ ማዶው የተዘጋ በር እያየሁ ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ እጸየፋታለሁ።

በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ትልቅ ድስት እንደተጣደበት ለሁለት ተሰነጠቀ። የፈላው ውኃ ዙሀይራን እግሯን አቃጠላት። ቁስሉ ያን ያህል አልከፋም፣ ለሁለት ሳምንት ግን አነከሰች። ምድጃውን አስይዛ መጣችና፦ "ይሄ የጉሉማ ሽቦ ነው አይደል ያቃጠለኝ?" አለችኝ። እትዬ፣ ጥያቄዋ ራሱ መንገድ ከፈተልኝ። እኔ ላዩን ነው የነካካሁት፣ ሥሩ የእሱ ሥራ ነው አልኳት። እስቲ እዚህ ይቀመጥ ብዬም ምድጃውን ተቀብዬ ጥግ ላይ ጆንያ አለበስኩት። ከተከፈተ እጄ ይታያላ።

እሷ ደግሞ ቁርስ ሊበላ ለመጣ ሁሉ ነገረች። ጉሉማ ከለቅሶ ሲመለስ ደጁ ጭር ብሎ ጠበቀው። አንድ ቀን ተሻግሮ መጣና በሬ ላይ ቆመ። "ጋሼ፣ እርስዎ ከፍተው አይተውታል። ያጠፋሁት ምኑ ላይ ነው? ይንገሩኝና ልማር" አለኝ። ሊቆጣኝ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። ገና በደንብ አላየሁትም አልኩት። ዓይኑ ጆንያው ላይ አረፈ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ተመለሰ። ወደ ሰኔ መጨረሻ የሱቁ ባለቤት ሌላ ተከራይ እያነጋገረ ነው ሲሉ ሰማሁ። የጉሉማ ሚስት ደግሞ ያኔ ወር የገባች እርጉዝ ነበረች።

ልጅ ሆነን ያደረግሁትን ታስታውሻለሽ? አንቺን ሰባተኛ ክፍል ሲያስገቡሽ እኔ ከስድስተኛ ወጥቼ ከብት ያዝኩ። አዲሱን ደብተርሽን ወንዝ ውስጥ ጨመርኩትና ጥጃ በላው አልኩ። አንቺ አውቀሽ ነበር፣ ለአባታችንም አልነገርሽም። ጥጃው ምንም አልደረሰበትም። አሁን ግን ጥጃ ሳይሆን ሰው ነው የተከሰሰው።

ፍልሰታ ገባ። እንደ ልማዴ ጾሜ ቆርቤ ላሳልፍ ጎባ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባ ብዙ አልተናገሩም። "ለእኔ ተናግረሃል፣ ደግ። አሁን ምድጃውን ተሸክመህ ሂድና ለሰውየው ተናገር። ከዚያ በፊት ለቁርባን አትቅረብ" አሉኝ። እሺ ብዬ ተመለስኩ፣ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ ነሐሴ አሥራ ስድስት ደረሰ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲቆርብ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ጥላ ይዤ ዝናብ ውስጥ ቆምኩ። ልደት ከውስጥ ወጥታ አየችኝ። "አባዬ አሞሃል?" አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። እዚያው ዝናቡ ላይ ነገርኳት።

 ቤት ስንደርስ የራሷን ምድጃ ከነሶኬቱ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "መስታወቱ ከዙሀይራ ምድጃ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ይዘህ ሂድ" አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱንም ምድጃ ጋሪ ላይ ጭኜ ቁርስ ቤቱ ደረስኩ። ጉሉማንም አስጠርቼው ነበር። ቤቱ በክረምት ተማሪ ሞልቷል። ጆንያውን ገለጥኩና ጉሉማ ራሱ እንዲከፍተው መፍቻውን ሰጠሁት። የተሰነጠቀውን መስታወት አነሳ። ጭቃውን አየ። አጠማዘዜን አየ። በጣቱ ነካት፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ዙሀይራ ከኋላ፦ "ምንድን ነው? ተናገሩ እንጂ፣ ዱጋ፣ እውነቱን" አለች። ጉሉማ ጥፋት የለበትም፣ እኔ ነኝ አልኩ። ተማሪዎቹም እንዲሰሙ ሁለተኛ ደገምኩት።

ዙሀይራ "እኔ ደግሞ ሽማግሌ ብዬ አምኜ" አለች። እግሯን አወጣችና ጠባሳውን አሳየችኝ። ከዚያ ወደ ጉሉማ ዞራ፦ "አንተን ስሰድብህ ከረምኩ፣ አውፍ በለኝ። ስሰድብ የሰሙኝ ሁሉ ይሄንንም ይሰማሉ፣ እኔ አሰማቸዋለሁ" አለችው።

ጉሉማ ግን ምድጃው ውስጥ የሆነ ነገር እየፈለገ ነበር። "ጋሼ፣ ዘንጓ የት አለች?" አለኝ። ከሰኔ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ይዟት አያትና፦ "ደህና ናት። አልተበላሸችም ነበር እኮ። መስታወቱ ከልክ በላይ ሲግል ይቺ ትረዝማለች፣ ማብሪያውን ትገፋዋለች፣ መብራቱ ይቆረጣል። በረድ ሲል ትመልሰዋለች። መጥፋቷ በሽታ አይደለም፣ ጥበቃ ነው። ቢጠይቁኝ እኮ" አለኝ። ከዚህ ሌላ አልተቆጣኝም። ጭቃውን ጠርጎ ዘንጓን ወደ ቦታዋ መለሰ፣ የልደትን መስታወት አውርዶ የዙሀይራ ምድጃ ላይ ገጠመና አበራው። ቀላ፣ ጠፋ፣ ቀላ። ተማሪዎቹ ሳቁ። በእኔ ይሁን በምድጃው አላውቅም።

አሁን ሰዉ እንደገና ወደ ማዶ ይሻገራል። ሱቁንም አልለቀቀም። ደስ ይለኛል ብዬ ልጽፍልሽ አሰብኩ፣ ግን ለአንቺ ውሸት አልጽፍም፣ ባጃጅ ሲቆም ዛሬም ቀና እላለሁ። ትናንት ጉሉማ አንድ የመስታወት ምድጃ ላከልኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው። ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፏል፣ ከደብተሩ የቀደዳትን። ሽቦው፣ ነጩ ሳህን፣ ቀለበቱ፣ ዘንጓ፣ ሁሉም ተስሎባታል፣ ከሥሯም ይቺን አይንኩብኝ ብሎ ጽፏል።  መጀመሪያ በሥራው ቀናሁ፣ አሁን ደግሞ ሰው እንዲህ ይቅር ማለት መቻሉ አስቀናኝ። ይሄኛው ቅናት ኃጢአት ይሁን አይሁን አባን እጠይቃለሁ። ምድጃውን ግን ወረቀቷን ፊት ለፊቴ ሰቅዬ ሠራሁት፣ ዘንጓንም አልነካሁም። አንቺም በጸሎትሽ አስቢኝ፣ እንደ ደብተሩ ግን ዝም አትበዪልኝ። መቆጣት ካለብሽ ተቆጪኝ።

ለጋሽ ገብረ ሥላሴ ጉልበት ስሜአለሁ በይልኝ፣ ጨዉን ይተዉ። ልጃችን አቤሴሎም ሥራ ማግኘቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ አብሮት የሚሠራውን እንዲጠይቅ ንገሪው፣ ጥያቄ አያሳፍርም። ማሂን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ትንሹን ሳሚን ደግሞ ግንባሩን። ልደት እጅ ትነሳለች፣ አሁን በኔ በሸክላው ምድጃ ነው የምትሠራው፣ ፉል ቶሎ ያፈላል እያለች ታሾፍብኛለች። ጉልበትሽን ቅባት ቅቢው እሺ፣ እኔን ስትዪ።

ወንድምሽ ተክለማርያም
ሮቤ፣ ባሌ
ነሐሴ ፳፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.