በእሳቱ ሰ፣ በንጉሡ ሠ

ወንድም ዓለሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ግንባሩስ ብርድ ነው? እኛ ደህና ነን። የሞክሼህን፣ የአያታችንን የውትድርና መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁልህ! በእሳቱ ሰ ስፈልጋቸው ከርሜ፣ ለካ ጸሐፊው በንጉሡ ሠ ጽፏቸው ኖሯል። ድረ ገጹ በድሮውም በዘንድሮውም ጦርነት የቀሩትን አንድ ላይ ነው የያዘው።

አማቷን በዓይኗ እንኳ ያላየችው እናታችን አሁን የሳቸው ነገር እረፍት ነስቷታል። በየጠዋቱ ፊቴን ሳልታጠብ፣ «ተነሽ፣ በሁለቱም ሰ ፈልጊ» ትለኛለች። እኔም እያጉረመረምኩ እፈልጋለሁ፤ ገጹ እስኪከፈት ግን መቀመጥ ያቅተኛል።

«በዚህ ስም ስንት ሰው አለ?»

«አንድ። እሳቸው ብቻ።»

«ተመስገን» ትላለች። ያን ጊዜ ሁለታችንም እንቀመጣለን።

በል ደህና ሁንልን። ሞክሼህ እዚያ ብቻቸውን ይክረሙ።

እህትህ