ስም ያልወጣለት ባክቴሪያ

ጥቅምት 4
ምንም የተለየ ነገር የለም። ላቦራቶሪ ገባሁ፣ የማሳደጊያ ሳህኖቼን አየሁ። ከበሽተኛ ሰገራ ያወጣሁት ባክቴሪያ ደህና ያድጋል። አራት ዓመት ለፋሁበት። ዘረመሉን ከታወቁት የአንጀት ባክቴሪያዎች ጋር ብናስተያይ ከአንዱም አልገጠመ። አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አዲስ ወገን ነው፤ ወደፊት የሚገኙ ዘመዶቹ ሁሉ በስሙ ይጠራሉ። ግን ስሙን ማን ያወጣለት ይሆን?
አለቃዬ ሻይ ጋበዙኝ። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ... ግብዣውን አልወደድኩትም። ታላቅ እህቴም ስነግራት «ደግ አይደለም» አለችኝ።

ጥቅምት 9
ከማቀዝቀዣው ሁለት ብልቃጥ ጎድሏል። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው።
«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሉ አለቃዬ። «ስሙ እንዲጸድቅ ናሙናው ሁለት አገር መቀመጥ አለበት። ረሳሽው እንዴ?»
አልረሳሁም። ግን ለምን ሳይነግሩኝ? ላኪ ተብሎ የተጻፈውስ ማን ነው?

ጥቅምት 10
አልጠየቅኩም። ዝም አይነቅዝም።

ጥቅምት 15
የጥናታችን ረቂቅ ማተሚያው ላይ ተረስቶ አገኘሁት። ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው። እኔ የለሁበትም።
ለታላቅ እህቴ ደወልኩ።
«ያ ሻይ ደግ እንዳልሆነ ነግሬሽ ነበር።»
«እትዬ፣ አሁን ምን ላድርግ?»
«ሳይታተም ግቢና ጠይቂ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ።»

ጥቅምት 16
ገባሁ። ረቂቁን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ፈገግ አሉ።
«ወገኑን በአንቺ ስም ልሰይመው ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ ሰው በራሱ ስም አይሰይምም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ከጸሐፊዎቹ መውጣት አለብሽ። ስምሽ እኮ ለዘላለም ይኖራል፣ የኔ እህት።»
ለዘላለም... ሰው አንጀት ውስጥ። ላም አለኝ በሰማይ። ነገ ሥራ ፍለጋ ስሄድ «አራት ዓመት ምን ሠራሽ?» ቢሉኝ ባክቴሪያው ይመሰክርልኛል?
«ክብሩ ይህን ያህል ከሆነማ ለእርስዎ ነው የሚገባው» አልኩ። «በእርስዎ ስም እንሰይመውና እርስዎ ይውጡ።»
መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። እንደገና ጠረጉት።
«እስቲ... እናስብበት» አሉ።

ጥቅምት 23
አዲሱ ረቂቅ መጣ። ስሜ ከሁሉም ፊት ነው። ባክቴሪያው በቅርጹ ተሰየመ፤ በላቲን «ቆልማማ» ማለት ነው አሉኝ። ይስማማዋል።
ብልቃጦቹን ቆጠርኩ፣ ከሁለቱ ሌላ አልጎደለም። አለቃዬ ዛሬም ሻይ ጋበዙኝ። ጠጣሁላቸው።
ረቂቁን ግን ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዱን እህቴ ቤት። ለባክቴሪያው ሁለት አገር ይበቃው ይሆናል።