የጠበቃዋ መንጋጋ

ለሁለተኛዋ እናቴ፣ ለታላቅ እህቴ ለእታለም ይድረስ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ቀለል አለሽ? ጋሼንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኛ አካላችን ደህና ነው። ልቤ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቦታው ላይ የለም፤ ለማን ልንገረው ብዬ ላንቺ ጻፍኩልሽ።

ሰኞ ከሥራ ስገባ፣ አንቺ ጠበቃዋ ያልሻት ልጄ በር ላይ ቆማለች። ከንፈሯ፣ ጥርሷ፣ የሸሚዟ ኮሌታ ሳይቀር ደም የመሰለ ቀይ። የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነኝ፣ ደምን ከቀለም መለየት የዕለት ሥራዬ ነው፤ የራሴ ልጅ ስትሆን ግን ዓይኔ ታወረ። ሸሚዟን አውልቄ፣ ደም እንደሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ዘፈዘፍኩት። እሷን አንጠልጥዬ ወደ ጤና ጣቢያ ልሮጥ ስል፣ ሳትጠይቂኝ የት ልትወስጂኝ ነው ብላ ተቆጣችኝ።

ለካ አንዲት የጥርስ ነርስ ትምህርት ቤታቸው መጥታ የሚታኘክ ክኒን ሰጥታቸዋለች። ቀለሙ ያልጸዳው ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ልጆቹ በመስታወት እያዩ እስኪለቅ ይቦርሻሉ፣ ከዚያ ጥርሳቸው እንዳይበሰብስ መድኃኒት ይቀባሉ። ጠበቃዋ ግን ለእማዬ ሳላሳይ አልቦርሽም ብላ ተሟግታ ነርሷን ረታቻት። ሳቄ አላቆም አለኝ።

ብሩሹን ይዤ አፏን ሳስከፍታት ሳቁ ጠፋ። የታች መንጋጋ ጥርሷ ከሁሉ ይበልጥ ቀልቷል፣ ከሥሩ ድዷ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እባጭ አለች። ብሩሹን ሳስጠጋ እጄን ያዘችኝ። በአንድ በኩል ብቻ ስታኝክ ከርማለች። ለምን ደበቅሽኝ ብላት፣ አያቴን የገደለው ጥርስ ነው ስትዪ ሰምቻለሁ፣ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው አለችኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቷ ወስጄ ለነርሷ አሳየኋት። መግል ይዟል፣ ወደ አጥንቱ ሳይወርድ ሐኪም ይየው አለችኝ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ እንገባለን። በጊዜ ደርሰሻል ብላ አጽናናችኝ፤ እኔ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብኝ፣ የሚታየኝ የአባታችን ጉንጭ ነው፤ ይበርዳል ይበርዳል እያለ ዓይኑ እስኪደፈን ያበጠው። ራሱን ደግፈሽ የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። እፈራለሁ እታለም። ዛሬ ያጠፍኩትን አንሶላ ፈትቼ መልሼ ሳጥፍ አለቃዬ አይታ ደክሞሽ ነው ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት።

ይህን ስጽፍ ጠበቃዋ አጠገቤ ናት። ነገ አንቺ ውጭ ጠብቂኝ፣ እኔ ታክሜ ደግሞ አንቺን ማባበል አልችልም ብላ ፈርዳብኛለች። ደብዳቤው ሲደርስሽ ነገሩ አልፎ ይሆናል፤ ቢሆንም ጸልዪልን።

እናታችንን እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የጥርሱን ነገር ግን አደራ እንዳትሰማ። ጋሼን እጅ ነሥታለች በያቸው። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ከመሳምሽ በፊት ግን አፋቸውን አስከፍተሽ እስከ መንጋጋቸው ድረስ እዪልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍላችን
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12